አራት ቁጥር ቁልፍ

ጥር ነው። ቫርካውስ ላይ ሐይቁ ተቆልፏል፤
የወረቀት ፋብሪካው ጭስ ቀጥ ብሎ ቆሟል።
ልጄ ፒህላ ገባች በረዶ እያራገፈች፣
ሣጥን ሙሉ ብረት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈች፦
«አባዬ፣ ይኼን የቀለም ጠመንጃ አድስና ስጠኝ፤
ቅዳሜ ግጥሚያ አለን፣ የኪራዩ ሰለቸኝ።»

ከስልኳ አነበበች የምኞቷን ተራ፦
«አፈሙዙ ይቀየር፣ አጭር ነው፣ ሸካራ።
ቃታው በባትሪ ይሁን፣ ጣት ሲያይ የሚደነግጥ፤
ብርድ የሚያስነጥሰው ጋዝም በታመቀ አየር ይለወጥ።»

«መጀመሪያ ይታጠብ» አልኩ። «እድፍ ላይ ጌጥ አይደረብም፤
ኦሪንጉ የታመመ መሣሪያ በአዲስ አፈሙዝ አይድንም።»

ጋዙን ነው አስቀድሞ መፍታት፤ ይኼ ሕግ አይዘለልም፤
ባዶ ነው ያልከው ሁሉ ባዶ አይደለም።
ወደ መሬት አነጣጥሬ ቃታውን ሳብኩ፤ ጭጭ አለ።
ከዚያ ብሎን በብሎን ሆዱ ተከፈለ፤
በሰርዲን ጣሳ ክዳን ሁሉም በየወረፋው፦
ሞላው፣ መዶሻው፣ እንክብሏን የሚገፋው።
አንዱ ኦሪንግ እንደ ደረቀ ከንፈር ተሰነጣጥቋል፤
አንዱ መቼ እንደጠፋ እንጃ፣ ቦታው ብቻ ይታወቃል።

መጥረጊያውን ዘንግ ባፈሙዙ ሰደድኩት፤
ያዘው። ገፋሁ። ያዘው። ጠምዝዤ ሳብኩት።
ወጣ፤
ሮዝ ቀለም፣ እንደ ሻማ ሰም ደርቆ፣
የእንክብሏን ቅርፊት ስብርባሪ አጣብቆ።

ሮዝ።
በዚያን ቀን ሮዝ የጫንኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ፣ ከግንዱ ክምር ሥር፣
ወንድሜ ሬይዮ ብቅ አለ፣ ካሥር እርምጃ ዳር።
የመጨረሻዬን ተኮስኩ። ሮዝ ጉም አየሁ ባይኔ፤
እጅጌው ላይም ነጠብጣብ። «ተመተሃል፣ ውጣ!» አልኩት እኔ።
«አልነካኝም» አለ። ሬይዮ ሁለቴ አይናገርም።
«በጓንትህ ጠርገኸዋል! አጭበርባሪ!» አልኩት፤ አላፈርኩም፤
ቡድኑ ሁሉ እየሰማ ድምፄ እንደ መጋዝ ተነሣ፤
እሱ ከአጥሩ ወጣ፣ ጭምብሉን አውልቆ መኪናውን አስነሣ።

እናታችን ስትቀበር እሱ በቀኝ፣ እኔ በግራ፤
ሳንተያይ ተሸከምናት፣ ትንፋሻችን ብቻ ሲያወራ።

አሁን ገባኝ። አንዲት የጎማ ምላስ ነበረች እዚህች ጋ፣
እንክብሏን የምትይዝ ገፊው እስኪዘጋ፤
ከጥፍር ታንሳለች። ተበልታ አልቃለች።
ሁለት እንክብል ባንዴ ገብቶ አንዷ ተጨፍልቃለች፤
ርጭቷ ወጣ፣ ጉም ሆነ፣ እጅጌውንም ነካ፤
እሷ ግን፣ እንክብሏ፣
ከቤቴ አልወጣችም ለካ።

«ምን አገኘህ?» አለች ፒህላ።
«ቆሻሻ።»
«ብዙ ነው?»
«የስድስት ዓመት ነው።»

አዲሷን ምላስ ገጠምኩ፤ ዋጋዋ ሁለት ዩሮ ከምናምን።
ኦሪንጎቹን ዘይት አስነካሁ፣ አንዳንድ ጠብታ ብቻ።
ረጅሙን አፈሙዝ አጥብቄ የአየሩን ጠርሙስ አሰርኩ፤
በሩን ከፍቼ ወደ ሜዳው አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥሬ ተኮስኩ፤
ሁሉም አንድ ግንድ ላይ። ፒህላ አጨበጨበች፤
«ከአዲስ ይበልጣል!» ብላ ታቅፋው ሄደች።
(የተኳሽ ዓይን መለወጫ በካታሎጉ ውስጥ የለም፤
ቢኖር እገዛው ነበር፣ ዋጋ አልጠይቅም።)

ጋራዡ ጸጥ አለ።
ስሙን ከስልኬ ፍቄው ነበር፤ ቁጥሩን ግን ጣቴ አልፋቀውም።
«ይቅር» ብዬ ጀመርኩ። አጠፋሁት።
ለእኛ ቤት ሰው ይኼ ቃል በጣም ረጅም ነው።

ከፊቴ ግድግዳው ላይ፣ ከአንድ ተኩል እስከ አሥር፣
ቁልፎቼ ተሰቅለዋል፣ አንድም ሳይጎድል ከቁጥር።
አራት ቁጥሩ እጄ ላይ ነው፤ ብረቱ በላቤ ሞቋል።

ጻፍኩ፦
«ሬይዮ፣ አራት ቁጥር ቁልፍ አለህ?»

ከሩቅ ሐይቁ ጮኸ። በረዶ ሲሰነጠቅ ልማዱ ነው።
ዘይቱን ካንገቱ ጠረግኩ። ክዳኑን ከደንኩ። መልሼ ከፈትኩ።
ስልኩ በራ፦

«የቱ ብሎን ነው እምቢ ያለህ?»